መብራቱ ለኮራሉ እንጂ ለዓይናችን አይደለም

የባሕር ውሃ አኳሪየም ወዳጆች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። የአነጋገሩ ለዛ እንዳለ ተትቷል።

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ! ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

ወደ ወሬዬ ከመግባቴ በፊት እጅ ላስወጣችሁ። ቤቱ ውስጥ ኮራል ያለው እስኪ እጁን ያውጣ። ደስ ይላል፣ ብዙ ነን። አሁን ደግሞ የመብራቱን ዋት የሚያውቅ? አሁንም ብዙ እጅ አለ። ኮራሉ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያርፍ የሚያውቅስ? አያችሁ? እጆቹ ወረዱ። ሁለት ሰው ብቻ ቀረ፤ ከሁለቱም አንዱ ጆሮውን እያከከ ነው መሰለኝ።

ዋቱን እናውቃለን፤ ብርሃኑን አናውቅም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህች ክፍተት ነው።

የኤልኢዲ መብራት በገዛ እጅ መሥራት ከባድ አይደለም። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ትችላላችሁ። ጠማማው ነገር ሌላ ነው። መብራቱን የምንሠራው እኛ፣ አብርተን የምናየው እኛ፣ «አቤት ሲያምር!» የምንለውም እኛ ነን። መብራቱ ግን ለእኛ አይደለም። ለማን ነው? ለኮራሉ። እንዲያውም በትክክል ከተናገርን ለኮራሉም አይደለም፤ ኮራሉ ውስጥ ላለው አልጌ ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ግን ዙዛንቴሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ከሠሩት ውስጥ ብዙውን ለኮራሉ ይሰጣሉ። ኮራሉም ከራሱ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጂን መልሶ ይመግባቸዋል። ብርሃን ሲያንስ ሁለቱም ይራባሉ። ብርሃን ሲበዛም ይጣላሉ። እንዴት እንደሚጣሉ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ ቀለም። ሁለተኛ ከረንትና ሙቀት። ሦስተኛ የብርሃን መጠን። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

በቀለም እንጀምር። የባሕር ውሃ ብርሃንን እኩል አያሳልፍም። ቀዩን ቶሎ ይውጠዋል፤ ጥቂት ሜትር ወረድ ስትሉ ቀይ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ኮራሎች የለመዱት ሰማያዊ የበዛበትን ብርሃን ነው። አልጌዎቹ ያላቸው ክሎሮፊል «ኤ» እና «ሲ»፣ እንዲሁም ፔሪዲኒን የሚባለው ቀለም፣ አንድ ላይ ሆነው ከ400 እስከ 550 ናኖሜትር፣ የብርሃን ሞገድ በሚለካበት ቁጥር ማለት ነው፣ ያለውን ክፍል በደንብ ይለቅማሉ። የእኛ ሥራ ምንድን ነው? በዚያ ክልል ውስጥ ብርሃን መስጠት።

ለዚህ ነው የመብራታችን ዋልታ ሮያል ብሉ የሚባለው ኤልኢዲ የሆነው። 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከእሱ ጎን ከ400 እስከ 430 ያለውን ወይን ጠጅ ጥቂት ትጨምራላችሁ። 470 አካባቢ ያለውን ተራ ሰማያዊም እንዲሁ። ከዚያ ነጭ። ነጭ ኤልኢዲ የሚባለው ራሱ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ፎስፈር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫና ቀይ ስለሚለውጠው ነው ነጭ ሆኖ የሚታየን። ማለትም ሰማያዊ ኤልኢዲ ባይፈጠር ነጩም የለም፤ እኛም ዛሬ እዚህ አንሰበሰብም ነበር። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤልን የወሰዱት በዚሁ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት 250 ወይም 400 ዋት የሚበላ ሜታል ሃላይድ የሚባል መብራት ሰቅለን ክፍሉን ምድጃ እናደርገው ነበር። የምታስታውሱ አላችሁ አይደል? ሳቃችሁን ሰማሁት።

ስንት ለስንት እናድርግ? ለአንድ ነጭ ሁለት ሰማያዊ ብላችሁ ብትነሱ አትጸጸቱም። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን ማሳመሪያ ናቸው፤ ካስገባችሁ እጅግ ጥቂት። ትልቁ ቁም ነገር ምጣኔው አይደለም። ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚደበዝዙ መሆናቸው ነው። አንድ ላይ ካሠራችኋቸው በኋላ «ነጩ በዛ» ብትሉ ምን ዋጋ አለው? መፍታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ማታ ማታ ነጩ ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ሲቀር ልጄ ገንዳው ፊት ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን ቢጫ የፕላስቲክ መነጽር አድርጋ መጣችና «አባዬ፣ ድንጋዩ ራሱ ያበራል እንዴ?» አለችኝ። መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። ውሃው ጨልሟል፤ አሸዋው ጨልሟል። ኮራሉ ብቻ አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆኖ ቦግ ብሏል። መነጽሩ ሰማያዊውን ስለሚያስቀረው ነው። ኮራሉ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ሰማያዊውን ተቀብለው ሌላ ቀለም አድርገው ይለቁታል። እነዚህ ፕሮቲኖች ኮራል ውስጥ እንዳሉ ተመራማሪዎች በ1999 ይፋ አድርገዋል፤ ከጄሊፊሽ የተገኘው አረንጓዴ ፕሮቲን ዘመዶች ናቸው። ሞክሩት፤ ልጅ ካላችሁ ደግሞ አብራችሁ ሞክሩት። ግን ልብ በሉ፦ ኮራል ማብራቱ የጤንነት ምልክት አይደለም። ታሞም ያበራል። ውበቱ እኛን እንዲያታልለን አንፍቀድ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፤ ከረንትና ሙቀት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ስንት ቮልት ልስጠው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ራሱ ተገልብጧል። ኤልኢዲ ቮልት አትሰጡትም፤ ከረንት ነው የምትሰጡት። ምክንያቱ ምንድን ነው? ኤልኢዲ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል። ቮልቱን ካላንቀሳቀሳችሁት ከረንቱ ይጨምራል። ከረንቱ ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል። ሲሞቅ ከረንቱ ደግሞ ይጨምራል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ሽታው ይነግራችኋል። ስለዚህ ከረንቱን አንድ ቦታ ላይ ጨብጦ የሚይዝ ድራይቨር ያስፈልጋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጻፉት። አንድ ባለ 3 ዋት ሮያል ብሉ በ700 ሚሊ አምፔር ላይ 3.3 ቮልት ገደማ ይወስዳል። 12ቱን በሲሪየስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አከታትላችሁ በአንድ መስመር፣ ብታገናኙ 12 ጊዜ 3.3፣ 39.6 ቮልት ይመጣል። የሚን ዌል ኤልዲዲ-700ኤች የሚባለው ትንሽ ድራይቨር 700 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ የሚገባበት ቮልት ከሚወጣው ሁልጊዜ ከፍ ማለት አለበት፤ ጣሪያው 56 ቮልት ነው። እንግዲህ 48 ቮልት ፓወር ሰፕላይ በምቾት ይበቃዋል። አንዱ መስመር 28 ዋት ገደማ ይበላል። ሁለት መስመር ሰማያዊ፣ አንድ መስመር ነጭ ብትሉ 36 ኤልኢዲ ሆነ፤ ከ85 ዋት ብዙም አይርቅም። 120 ዋት ፓወር ሰፕላይ ግዙና ሳይጨነቅ ይሥራ። አፋፍ ላይ አታሠሩት።

ሁለት መስመር በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ከአንድ ድራይቨር ላይ ማስገባት የሚያምራችሁ አላችሁ። አውቃችኋለሁ። አታድርጉት። አንዱ መስመር ላይ አንዲት ኤልኢዲ ብትቃጠልና መስመሩ ቢቋረጥ የሁለቱም ከረንት በቀረው መስመር ላይ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ ድራይቨር ይኑረው። ድራይቨሩ ከኤልኢዲዎቹ ይረክሳል።

ሙቀቱስ? «ኤልኢዲ አይሞቅም» የሚል ሰው አለ። ፊቱን ነክቶ ነው እንዲህ የሚለው። ጀርባውን ይንካ! ከሚገባው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የሚወጣውም በጀርባ በኩል ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ተቀብሎ ለአየር የሚሰጥ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ፣ በላዩ ፋን፣ በመሐል ቴርማል ፔስት።

ፔስቱን በስሱ! ወፍራም ፔስት አያቀዘቅዝም፤ ያፍናል። የፔስቱ ሥራ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ኤልኢዲውን አስቀምጣችሁ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ግራና ቀኝ ትንሽ አሽከርክሩት። መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ያዝ ያደርጋል። ያዝ ሲያደርግ ይታወቃችኋል። እዚያ ላይ ብሎኑን እሰሩ። የብሎኑ ራስ ኤልኢዲው ላይ ያለችውን የብየዳ ቦታ እንዳይነካ ከሥሩ የናይለን ዋሸር አድርጉለት።

ብየዳውን በተመለከተ፦ ሂት ሲንክ ላይ ከታሰረ በኋላ ደካማ መበየጃ ይዛችሁ ብትመጡ ሊዱ፣ የሚበየድበት ቀላጭ ብረት ማለት ነው፣ አይቀልጥም። አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ይጠጣዋል። መላው ሳይታሰር በፊት የብየዳ ቦታዎቹን ሊድ ማቅመስ ነው። ሽቦውንም እንዲሁ። በኋላ ሁለቱን አገናኝታችሁ ጠንከር ባለ መበየጃ ነካ ስታደርጓቸው ሊዱ ያብለጨልጭና በአንድ ጊዜ ይገናኛል። ሲቀዘቅዝም አብለጭላጭ ሆኖ ከቀረ ብየዳው ተይዟል። ደብዝዞ ድቡልቡል ከሆነ አልተያዘም፤ ድገሙት። ከዚያ ቴስተሩን አንሱና አንዱን ጫፍ ብየዳው ላይ፣ አንዱን ሂት ሲንኩ ላይ አድርጉ። ጢጥ ካለ የሆነ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው። ጢጥ እያለ ኤሌክትሪክ እንዳትሰጡ።

አሁን የምናገረው ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ የለም፤ ግን ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጨው!

አንድ ወዳጄ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረውና ይዞልኝ መጣ። ገልብጠን ከፈትነው። ፋኑ አየር የሚስበው ከታች፣ ከውሃው በኩል ነበር። የባሕር ውሃ ሲፍለቀለቅ የሚረጨውን ጭጋግ ሲያጠጣው ከርሟል። ክንፎቹ መካከል ነጭ የጨው ቅርፊት ተጋግሯል። የመዳብ ሽቦዎቹ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል። አንዷን ሽቦ በወረንጦ ነካ ሳደርጋት ብን ብላ ወደቀች፤ ውስጧ ዱቄት ሆኗል። ድራይቨሩ ምንም አልሆነም። ኤልኢዲዎቹም ደህና ናቸው። የሞተው ሽቦው ነው።

ስለዚህ አደራ። ፋኑ አየሩን ከላይ ይሳብ። ኤልኢዲዎቹ ፊት ላይ ግልጽ አክሪሊክ ይኑር። የብየዳ ቦታዎቹን በቫርኒሽ ወይም ለሰርኪዩት ቦርድ በሚሆን ሽፋን ቀቡ። ሂት ሲንኩን ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኙ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠልና ተመልሶ ይውጣ፤ ውሃ ቢወርድበት ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ከረንት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ሳይኖራችሁ ደግሞ በጨው ውሃ ላይ ኤሌክትሪክ አትስቀሉ። በቃ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ዓሣውም፣ እናንተም፣ እጁን የሚያስገባው ልጅም አንድ ውሃ ውስጥ ናችሁ።

ሦስተኛው። የብርሃን መጠን።

ዋት የሚለካው መብራቱ የሚበላውን ነው፤ የሚሰጠውን አይደለም። ታዲያ የሚሰጠውን በምን እንለካ? «ሉክስ ሜትር አለኝ፣ ስልኬ ላይም አፕ አለኝ» ትሉኛላችሁ። ሉክስ የሰው ዓይን መለኪያ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ በቀን ብርሃን ከምንም በላይ የሚያየው 555 ናኖሜትር ላይ ያለውን አረንጓዴ ነው። 450 ላይ ስትደርሱ፣ የእኛ ሮያል ብሉ ያለበት ማለት ነው፣ የዓይናችን ንቃት ከዚያ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። ሰማችሁኝ? 4 በመቶ! አልጌው በደስታ የሚጠጣውን ብርሃን ዓይናችን አያየውም ማለት ይቻላል። በዓይናችን ልክ የተሠራው ሉክስ ሜትርም አያየውም።

የሚያስፈልገው ፓር ሜትር ነው። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያሉትን የብርሃን ቅንጣቶች ይቆጥራል፤ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ በሰከንድ ስንት ማይክሮሞል እንደሚያርፍ ይነግራችኋል። ውድ ዕቃ ነው። ለአንድ ሰው መግዛቱ አይመከርም፤ ተዋጥቶ ገዝቶ መዋዋስ ነው። አንዳንድ የቆዩ ፓር ሜትሮች ሰማያዊውን አሳንሰው ያነባሉና ስትገዙ ለኤልኢዲ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ።

ስንት ይሁን? ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 100 ይበቃቸዋል። ትልልቅ ፖሊፕ፣ ኮራሉ የተሠራባቸው ነጠላ እንስሳት ማለት ነው፣ ያላቸው ባለ አጥንት ኮራሎች ከ100 እስከ 200። እንደ አክሮፖራ ያሉት ትንንሽ ፖሊፕ ያላቸው ከ250 እስከ 350 ቢያገኙ ደስተኛ ናቸው። ሞቃት አገር ባሕር ላይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ 2000 ትደርሳለች። «እንግዲያው እኛም 2000 እንስጥ» እንዳትሉ! ያ የውሃው ፊት ላይ ነው፤ ከስር አይደለም።

አሁን ቅድም ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ያልኳችሁ መጣ። አንድ ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ። ሌላ ነው፤ የቅድሙ አይደለም። «ኮራሎቼ እየነጡ ነው፤ ብርሃን አንሷቸዋል፤ ሌላ መስመር ልጨምር?» አለኝ። ምንም እንዳይጨምር ለምኜው ፓር ሜትሩን ይዤ ሄድኩ። ገንዳው ውስጥ ሰማያዊ ድንግዝግዝ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ዓይን ጨለም ብሏል። ዳሳሹን ከነጣው ኮራል አጠገብ አስገባሁት። ከ500 በላይ! የድሮውን ፍሎረሰንት አውርዶ አዲሱን ኤልኢዲ በዚያው ቀን በሙሉ ኃይሉ ነበር ያበራው። ብርሃኑ ሰማያዊ ስለሆነ ዓይኑ «አነሰ» አለው። ኮራሉ ግን እየተቃጠለ ነው።

ምን ሆኖ ነው የሚነጣው? አልጌዎቹ ከሚችሉት በላይ ብርሃን ሲመጣባቸው ምግብ መሥራቱን ትተው ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይለቃሉ። ኮራሉ ይመረዛል። ስለዚህ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። የምናየው ነጭ በስስ ሥጋው ውስጥ አጮልቆ የሚታየው አጥንቱ ነው። ብርሃን በጣም ሲያንስ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው የሚታየው፤ አልጌው ይበዛና ኮራሉ ይጠቁራል፣ ቡናማ ይሆናል። እንግዲህ ወዳጄ አንድ መስመር ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይብስባቸው ነበር።

ስለዚህ አዲስ መብራት ስትሰቅሉ ከ30 በመቶ ጀምሩ። በየሳምንቱ 5 በመቶ ጨምሩ። ኮራሉ ካፈገፈገ ወይም ከፈዘዘ ባላችሁበት ቁሙ። «ቀስ በቀስ» ብሎ የሚጀምረውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልተርትም። የምታቆሙት ደግሞ 100 በመቶ ላይ ሳይሆን ፓር ሜትሩ የፈለጋችሁትን ቁጥር ሲያሳያችሁ ነው። በ60 በመቶ ላይ ከደረሳችሁ ጥሩ ሠርታችኋል፤ ኤልኢዲውም ቀዝቀዝ ብሎ ዕድሜው ይረዝማል።

ስትለኩ አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። ገንዳውን ከላይ ወረቀት ላይ ሣሉትና በካሬ በካሬ ከፋፍሉት፤ በየካሬው ከላይም ከታችም ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። መሐሉ 350 ሆኖ ጥጉ 60 ብታገኙ እንዳይገርማችሁ። ጠባብ ሌንስ ካደረጋችሁበት ይብሳል። ሌንስ የሌለው ኤልኢዲ 120 ዲግሪ ገደማ ይበትናል፤ ለአብዛኛው ጥልቀት የሌለው ገንዳ ይኼ ይበቃል። ሌንስ የምጠቀመው ገንዳው ጠለቅ ካለ ብቻ ነው፤ ያውም 80 ወይም 90 ዲግሪውን። መብራቱን ከውሃው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ኤልኢዲዎቹን ደግሞ ቀለም በቀለም አታጉሯቸው። ሰማያዊው አንድ ጥግ፣ ነጩ አንድ ጥግ ከሆነ አሸዋው ላይ ባለቀለም ጥላ ይሮጣል። አስቀያሚ ነው።

ሰዓቱ? ሙሉውን ብርሃን ከ8 ሰዓት ብዙም አታስበልጡት፤ ጠዋትና ማታ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ቀስ ብሎ ይግባ። ሌሊት ይጨልም። አርዱኢኖ የሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድና ሰዓት ጠባቂ ቺፕ ካላችሁ ይኼን ሁሉ እሱ ይሠራላችኋል፤ ከዘጠና መስመር ኮድ በላይ አይፈልግም እያላችሁ የምትስቁ ኮድ ጸሐፊዎች እዚያ ጋ አያችኋለሁ። ለእናንተ አንዲት ምስጢር አለችኝ። የኤልዲዲ ድራይቨር የማደብዘዣ እግር ከምንም ጋር ካልተገናኘ ድራይቨሩ «ሙሉውን አብራ» ተባልኩ ብሎ ነው የሚረዳው። ማለትም አርዱኢኖው ቢሞት፣ ወይም የምልክቱ ሽቦ ቢነቀል፣ መብራቱ 100 በመቶ ይበራል። ሌሊትም ቢሆን። እናንተ ውጭ አገር ብትሆኑም። መድኃኒቱ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ከማደብዘዣው እግር ወደ ኔጌቲቩ አስሩት። ሬዚስተሩን ድራይቨሩ ጋ እንጂ አርዱኢኖው ጋ አትሰሩት፤ ሽቦው መሐል ላይ ከተነቀለ ያኛው አያድናችሁም። በዚህ ከታሰረ ምልክት ሲጠፋ መብራቱ ይጠፋል። አንድ ቀን ጨለማ ኮራል አይገድልም። አንድ ቀን ሙሉ ኃይል ግን ሊገድል ይችላል።

ብዙ አወራሁ መሰለኝ፤ ሰዓቱን የያዘው ሰው እያየኝ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን መብራት መጥታችሁ እዩት፣ ሂት ሲንኩንም ንኩት። ፊቱን ወደ ታች ደፍቼ በ10 በመቶ አብርቼዋለሁ። አታገላብጡት፤ ልጆች ካሉም ያዟቸው። ደብዛዛ መስሎ ቢታያችሁም ዓይን ይጎዳል። ፓር ሜትሩ ከባልዲው አጠገብ ነው፤ ውሃው ውስጥ አስገቡና ከመሐል ወደ ጠርዝ አንቀሳቅሱት። ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከግራ እንጀምር፤ እሺ፣ እርስዎ።